በለቅሶዬ ሳምንት ስሜ ወደ ኢሳያስ ሱቅ ዞረ

አባቴን ልቀብር በሄድኩበት ሳምንት የሚስቴ ወንድም የሱቄን የኢንተርኔት ስም ወስዶ ወደ ኢሳያስ ሱቅ አዞረው። በደሉ ይኸው ነው። የእኔን ስም የጻፈ ሰው ሁሉ የኢሳያስን ጋቢ ሲያይ ሰነበተ። ለእኔ የተላከው ኢሜይልም ኢሳያስ ጋ ገባ። ቀጥሎ የምነግራችሁን ስትሰሙ ይህን አትርሱ፤ "ለበጎ አስቦ ነው" ያለኝ ሰው ብዙ ነውና።

አልታዬ እባላለሁ። ሸማኔ ነኝ፣ አባቴም ሸማኔ ነበር። ሽሮ ሜዳ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለው መደዳ ጋቢና ነጠላ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ፤ ከጀርባው ባለው ግቢ ደግሞ ሸማኔዎች ይሠሩልኛል። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት አግብቼ ከወለድኩ በኋላ፣ ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ ነው። እስከ ዛሬ ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። የሚስቅ ይሳቅ።

የኢሳያስ ሱቅ ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። ሽመና የተማርነው አንድ ቤት፣ ከአንድ ሰው ነው። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ እኔ መወርወሪያዬን ይዤ እቀራለሁ። ሚስቴን ማርታን ለማግባት ከእኔ በፊት ሽማግሌ የላከውም እሱ ነው። አባቷ "ገና ልጅ ናት" ብለው መለሷቸው። ዓመት ቆይተው የእኔ ሽማግሌዎች ሲሄዱ ልጅነቷ አልቆ ነበር መሰለኝ እሺ አሉ። ኢሳያስም ሌላ አግብቶ ወለደ። ያለፈ ነገር ነው ይሉኛል። ለእኔ አላለፈም። መንገድ ላይ "ማርቲ፣ እንዴት አደርሽ" ባላት ቁጥር የያዝኩትን ሥራ ትቼ ፊቷን አያለሁ። እሷም "እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች፣ ከሚያስፈልገው ትንሽ ረዘም አድርጋ።

የማርታ ታናሽ ወንድም ታምራት ይባላል። ኢሳያስ እህቱን ይፈልግ በነበረ ጊዜ ለታምራት ኳስ ይገዛለት ነበር። ልጁ አደገ፣ ኮምፒውተር ተማረ፣ ኳሱን ግን አልረሳም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ታምራት መጥቶ "ጋሼ፣ ድረ ገጽ ልሥራልህ። ልብስህን ውጭ አገር ያለ ሰው ይየው" አለኝ። ስሙን አስመዘገበ፣ ገጹን ሠራ፣ ሁሉንም ዊንጌት አካባቢ ጓደኛው ቤት ባለ አንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጠው። ገጹም ኢሜይሉም እዚያው ነው። ስሜን የጻፈውን ሰው "የአልታዬ ሱቅ በዚህ በኩል ነው" ብሎ የሚመራው ነገርም፣ ዲኤንኤስ የሚሉት፣ እዚያው አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው። የይለፍ ቃሉን ስጠይቀው "አንተ ምን ያደርግልሃል፣ እኔ አለሁልህ" አለኝ። ዘመድ ነው፣ ምን እለዋለሁ።

ኢሳያስ በበኩሉ ያንን የመምራት ሥራ ብቻ ለሚሠራ ድርጅት በየዓመቱ ይከፍል ነበር። ሌላ ሥራ የላቸውም፤ የሰውን ስም ይዘው ለሚጠይቅ ሁሉ መንገድ ይናገራሉ። እኔ ጋ መብራት ሲጠፋ ወይም የታምራት ጓደኛ ዘግቶ ሲሄድ ገጼ ይሰወራል። ማርታ ስልኳን ታይና "የኢሳያስ ግን አይጠፋም" ትላለች። ክፋት የላትም፣ ያየችውን ነው የምትናገረው። እኔ ግን ያን ቀን ምሳዬን ትቼ እነሳለሁ።

ናይሮቢ የሐበሻ ልብስ ሱቅ ያላት ሂሩት የምትባል ነጋዴ አለች። ያገኘችኝ በገጹ ነው። ትንሽ ትንሽ ስትወስድ ቆይታ ዘንድሮ ለመስከረም የሚሆን ትልቅ የጋቢ ትእዛዝ ልትሰጠኝ ተነጋገርን። ክረምት ለሸማኔ ክፉ ጊዜ ነው፤ ገበያ የለም፣ ሥራ የለም። ያ ትእዛዝ ከመጣ ግቢዬ ያሉት ሸማኔዎች ክረምቱን ሙሉ ይሠራሉ። ከቀረ ግማሾቹን አሰናብታለሁ። እንዲህ በመጠባበቅ ላይ ሳለሁ አባቴ አገር ቤት፣ ጨንቻ ዐረፈ።

በኛ መደዳ አንድ ደንብ አለ። ሰው ለቅሶ ደርሶበት ሱቁን ሲዘጋ ቁልፉን ለመደዳው ትልቅ ሰው ለጋሽ ማሞ ይሰጣል። ደንበኛ ከመጣ ጎረቤት ቁልፉን ወስዶ ይከፍትና ከሟች ቤተሰብ መደርደሪያ ላይ አውርዶ ይሸጥለታል። የራሱን ዕቃ አያሳይም። ሰውዬው ሲመለስ የተሸጠውን ይረከባል። የለቅሶ ደንበኛ ይባላል፣ ማንም አይነካውም። እኔም ቁልፌን ለጋሽ ማሞ ሰጥቼ ከማርታ ጋር ሄድኩ። እዚያ ተራራ ላይ ስልክ አይሠራም። ቀብረን፣ ለቅሶ ተቀምጠን፣ ረቡዕ ጠዋት አዲስ አበባ ገባን።

መናኸሪያ እንደወረድኩ ስልኬን ከፈትኩና ሂሩት ጋ ደወልኩ።

"አቶ አልታዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናናዎት" አለችኝ። "አቶ ኢሳያስ ነገሩኝ።"

"ኢሳያስን ከየት ያውቁታል?"

"የእርስዎን ገጽ ስከፍት የሚወጣው የእሳቸው ሱቅ ነው እኮ። ኢሜይል ስጽፍም የመለሱልኝ እሳቸው ናቸው። እ... የተዋሃዳችሁ መስሎኝ ነበር። የጋቢ ፎቶ ልከውልኛል፣ ጥሩ ነው።"

"የማን ጋቢ?"

"የራሳቸው መሰለኝ።"

ሻንጣዬን መሬት አስቀመጥኩት። ማርታ "ምንድነው?" ትለኛለች፤ በእጄ 'ቆይ' አልኳት።

"ወይዘሮ ሂሩት፣ እኔ ከማንም ጋር አልተዋሃድኩም" አልኳት።

ሂሩት ቀጠለች። "እንግዲህ እውነቱን ልንገርዎት። ገንዘቡን የምታወጣው ሸሪኬ ናት። ስሙ የአንድ ሰው፣ ሱቁ የሌላ ሰው የሆነበት ቦታ አልከፍልም ትላለች። እስከ ዓርብ ስምዎ የእርስዎን ሱቅ ከከፈተ እንነጋገራለን። ካልሆነ መልስ ከሰጡኝ ሰው ጋር እቀጥላለሁ። ንግድ ነው፣ አይቀየሙኝ።"

ቤት ሳልገባ በቀጥታ ታክሲ ይዤ ዊንጌት ሄድኩ። ታምራት ጓደኛው ቤት ጎንበስ ብሎ ኮምፒውተሩን ይክድናል። የሐዘን ፊት አሳይቶ ሊያቅፈኝ ተነሳ።

"ተቀመጥ" አልኩት። "ስሜን ለማን ሰጠኸው?"

"ጋሼ፣ አልሰጠሁም። በሄድክ በማግስቱ መብራት ሄድ መጣ ሲል ይኼ ተቃጠለ። የሚተካው ዕቃ መርካቶ ጠፋ፣ የተገኘው ዛሬ ጠዋት ነው። ስምህን የጻፈ ሰው ባዶ ነገር ከሚያይ፣ እንደ ደንቡ ጎረቤት ደንበኛህን ይያዝልህ ብዬ ነው። የለቅሶ ደንበኛ አይደል የምትሉት?"

አያችሁ። ይህን ሊያስብ የሚችል የኛ መደዳ ሰው ብቻ ነው። የኮምፒውተር ትምህርቱን ወስዶ ከኛ ደንብ ጋር ሰፋው።

"የኢሳያስ ገጽ ላይ ያለው የማን ልብስ ነው?"

"የ... የሱ ነው።"

"ታዲያ ደንቡ የቱ ጋ ነው? መደዳው ሞልቶ ሳለ እሱን ለምን መረጥክ?"

"የሱ አይጠፋም ጋሼ። ሌላው ሁሉ እንደኛው አንዱ ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው።"

"የሱ አይጠፋም" የሚለውን ቃል ከሚስቴም ከወንድሟም በአንድ ቤት ሁለት ጊዜ መስማት ምን እንደሆነ የቀና ሰው ያውቀዋል። "አንተ እህትህንም ለሱ ነበር የምትሰጠው" አልኩት። ታምራት አልካደም። እዚያው ፊቴ ስሙን መለሰልኝ። "ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል" አለኝ።

"ስንት?"

"እንጃ። ይደርሳል።"

አመሻሽ ላይ ቤት ሆኜ በስልኬ የሱቄን ስም ጻፍኩ። ገጼ ወጣ፤ የእኔ ጥበብ፣ የእኔ ጋቢ፣ አባቴ በሽመና ላይ ተቀምጦ የተነሳው ፎቶ። አልዋሽም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ማርታ ጥግ ይዛ ነጠላ ታጣጥፋለች። "እስቲ ያንቺን ስልክ" አልኳትና ስሙን አስተካክዬ ጻፍኩ።

ኢሳያስ ወጣ። ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ እጁን አጣምሮ፣ ፈገግ ብሎ።

እንደገና ጻፍኩ። ኢሳያስ። በእኔ ስልክ ሞከርኩ፣ እኔ ነኝ። በእሷ ስልክ፣ እሱ ነው። አንድ ስም፣ አንድ ቤት፣ ሁለት ስልክ።

"ይኼ ሰውዬ አንቺ ስልክ ውስጥ ምን ይሠራል?"

"ስምህን የጻፍከው አንተ ነህ" አለች ቀና ሳትል።

"በእኔ ስልክ የምወጣው እኔ ነኝ።"

"እኔን ምን ትለኛለህ፣ ስልኩን ጠይቀው።"

"ስንት ጊዜ ገብተሽ አይተሽዋል?"

አሁን ቀና አለች። "አልታዬ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን አሁን በስልክ ልትቀናብኝ ነው?"

"አዎ። ቀንቻለሁ።"

"እንግዲያው በደንብ ቅና፣ አይቅርብህ። እኔ ነጠላዬን ልጨርስ።" ጥቂት አጥፋ ደግሞ "ነገ ጠዋት ማህሌት ጋ እንሄዳለን። ከዚያ በፊት አንዲት ቃል እንዳትናገረኝ" አለች።

ማህሌት ቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ያለች ልጅ ናት፤ የኔትወርክ ባለሙያ ናት፣ ዊንጌት ትንሽ ቢሮ አላት። ሐሙስ ጠዋት ሁለቱን ስልኮች ጠረጴዛዋ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩላት።

"እነዚህ ለምን ይጣላሉ?" አልኳት።

"አልተጣሉም ጋሽ አልታዬ። ስም ሲጻፍ ስልኩ 'ይህ ሱቅ የት ነው?' ብሎ ይጠይቃል። የሚመልሱለት ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ አንዴ የሰማውን መልስ ለተወሰነ ጊዜ ይዞ ይቆያል፣ በየደቂቃው ዋናውን እንዳይጠይቅ። የእርስዎ ስልክ የጠየቀው አዲሱን ሰምቷል። የእትዬ ማርታ የጠየቀው አሮጌውን ገና አልረሳም።"

ማርታ ወደኔ አላየችም። ከዚያ የበለጠ ስድብ የለም።

"መቼ ይረሳል?"

"ዛሬ ሊሆን ይችላል፣ ነገም ከነገ ወዲያም ሊሆን ይችላል።"

"ዓርብ ነገ ነው። ናይሮቢ ያለችውስ የትኛውን ነው የምታየው?"

ማህሌት አንድ ነገር ጻፈች፣ አነበበች። "ከዚያ በኩል ሲጠየቅ አሁንም የሚወጡት አቶ ኢሳያስ ናቸው" አለች። "ግን መንገድ አለ። አሮጌውን መልስ የያዙት ሁሉ ሄደው የሚጠይቁት አቶ ኢሳያስ የሚከፍሉት ድርጅት ጋ ነው። ታምራት የእርስዎን ስም እዚያ አስገብቶታል። አቶ ኢሳያስ መዝገባቸውን ከፍተው ያንን አንድ መስመር ወደ እርስዎ ሱቅ ቢያዞሩት በደቂቃዎች ውስጥ ይስተካከላል።"

"ታምራት ሲያዞረው ቀናት፣ ኢሳያስ ሲያዞረው ደቂቃ?"

"ታምራት የቀየረው 'ማንን ጠይቁ' የሚለውን ነው፣ እሱ ቀስ ይላል። መስመሩ ግን አቶ ኢሳያስ ጋ አጭር ጊዜ ብቻ እንዲታወስ ተደርጎ ነው የተቀመጠው። ያ ድርጅት ሥራው ይኼ ብቻ ስለሆነ እንዲህ ያለውን አስቀድሞ ያስባል።"

"ሌላ መንገድ የለም?"

"መጠበቅ አለ።"

ደረጃውን ስንወርድ ማርታ "እኔ ልጠይቀው?" አለችኝ።

"አንቺ እኛ ሱቅ በር ላይ ትቆሚያለሽ፣ ስልክሽን ይዘሽ። መንገዱን አትሻገሪም።"

ኢሳያስ ሱቁ ውስጥ ለሁለት ሴቶች ነጠላ ይዘረጋል። ሲያየኝ ጨርቁን ለሚስቱ ሰጥቶ መጣ። "አልቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናናህ። ቤት ልመጣ ነበር።"

"ስሜን ልቀቅ።"

"ስምህን መቼ ያዝኩት? ታምራት ነው ያመጣው፣ ደንቡ ነው ብሎ።"

"ደንቡ ከእኔ መደርደሪያ ሽጥ ነው የሚለው። ለሂሩት የማንን ጋቢ ላክህላት?"

"ሱቅህ ዝግ ነበር።"

"ቁልፉ ጋሽ ማሞ ጋ እንደነበር አታውቅም?"

"አሁን ምን ላድርግልህ?" አለ፣ እንደ ቸር ሰው። ነገርኩት። ላፕቶፑን ከመደርደሪያው ሥር አወጣ።

እኔ ልለምን ሄጄ እሱ ሰጪ ሆኖ የቆመበትን ያን ሰዓት አልረሳውም። ድርጅቱ ጋ ያለውን መዝገቡን ሊከፍት ሲል ስልኩ ላይ ቁጥር መጣለት፣ ያንን ካላስገባ አይከፈትም። የሱን ስም ለመንካት ስልኩን መያዝ ያስፈልጋል። የእኔን ስም ለመንካት ታምራት መሆን ይበቃል። መስመሩን አገኘው፣ አዞረው፣ ከዚያ ኢሜይሉ ላይ ተጠራጠረና ድርጅቱ ጋ ደወለ። አንድ ሰው ወዲያው አነሳ፣ "አቶ ኢሳያስ" ብሎ በስሙ ጠራው። የሆነውን ሲሰማ ኢሜይሉ ሌላ መስመር እንደሆነ፣ እሱም መዞር እንዳለበት ነገረው። እኔ ታምራት ጋ ስደውል ስልኩ ስንት ጊዜ ዝግ እንደሚሆን አሰብኩ። "መልስ ሰጪዎቻቸው በየአገሩ ናቸው፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይመልሳል" አለኝ ኢሳያስ፣ ሳልጠይቀው። አዲስ መኪና እንደሚያሳይ ሰው ነበር የሚናገረው። ቀናሁበት። በሚስቱ አልቀናሁም፣ በሱቁም አልቀናሁም፤ ስሙ ሰላም የሚያድር በመሆኑ ቀናሁ።

ጥቂት ቆይቶ ማርታ ከመንገዱ ማዶ ስልኳን ከፍ አደረገች። "ወጣ፣ ያንተ ነው" አለች። ኢሳያስ እጁን አነሳላት። እሷም አነሳችለት። አመስግኜው ወጣሁ፤ ምስጋናው ጥርሴ ውስጥ ቀረ።

ዓርብ ጠዋት ሂሩት ጋ ደወልኩ። "አየሁት፣ የእርስዎ ሱቅ ነው" አለችኝ። ልቤ ገና ሊያርፍ ሲል ቀጠለች። "ግን አቶ ኢሳያስ ትናንት ከሰዓት ዋጋና የሚያደርሱበትን ቀን ጽፈው ላኩልን። ሸሪኬ እሺ ብላለች። ለሌላ ጊዜ እናያለን።"

ትናንት ከሰዓት ማለት ስሜን መልሶልኝ፣ አመስግኜው ከወጣሁ በኋላ ነው። ስሜን መለሰ፣ ደንበኛዬን አስቀረ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ የመደዳው ሽማግሌዎች ጋሽ ማሞ ሱቅ ተቀመጡ። በኛ ዘንድ የአንድ መደዳ ሰው ሌላውን ፍርድ ቤት አይወስድም። ታምራት የሆነውን ተናገረ፣ እኔ ተናገርኩ። ኢሳያስ ተነሳና ጨዋ ሆኖ ተከራከረ።

"አባቶቼ፣ ደንቡ የተሠራው በር ላለው ሱቅ ነው። ኢንተርኔት ላይ በር የለም፣ መደርደሪያ የለም። ሰው ጠየቀኝ፣ መለስኩ።"

ጋሽ ማሞ ጆሯቸው ትንሽ ደከም ይላል። "ሴትዮዋ በየት በኩል ገባች?" አሉ።

"በ... በስም ነው የሚገባው ጋሽ ማሞ።"

"በማን ስም?"

"በአልታዬ።"

"አንተ ስም የለህም?"

ሳቅ ሆነ። "አለኝ" አለ ኢሳያስ።

"በሱ ገብታ ቢሆን ያንተ ናት። በአልታዬ ስም ከገባች በአልታዬ በር ገብታለች። እሱ ደግሞ አባቱን እየቀበረ ነበር።" ወደ ታምራት ዞሩ። "አንተም፣ የለቅሶ ደንበኛ ስትይዝ ቁልፍ የምትጠይቀው እኔን ነው። ኮምፒውተርም ቢሆን።"

"እሺ ጋሽ ማሞ" አለ ታምራት።

ፍርዱ ይህ ሆነ፤ ኢሳያስ ለሂሩት ጽፎ ትእዛዙ የእኔ እንደሆነ ይንገራት። ኢሳያስ "እሺ" አለ። ግን አልጻፈም። ዛሬ ነገ እያለ ቀናት አለፉ። ባገኘኝ ቁጥር "አልቴ፣ አልረሳሁትም" ይለኛል።

አንድ ነገር ግን አላሰበም። ኢሳያስ የራሱን ሽመና ከተወ ቆይቷል፤ ክሩን እየሰጠ በየሰው ግቢ ያሠራል። ለሂሩት ትእዛዝ ክሩን ተሸክሞ ከግቢ ግቢ ሲዞር ሸማኔዎቹ አንድ በአንድ መለሱት። ማንም አልጮኸበትም። "የለቅሶ ነው አሉን፣ አንሠራም" አሉት፣ በቃ። የእኔ ግቢ በር ላይም ከአንድ ሸማኔዬ ጋር ሲያወራ አገኘሁት፤ እሱም መለሰው። ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ደስታ መልካም ነው አልልም፣ ግን ደስ አለኝ።

እሱ እንደዚያ ሲዞር እኔ ማህሌት ጋ ተመልሼ ነበር። "እንደ ኢሳያስ ያለውን እፈልጋለሁ" አልኳት። "የሱን ድርጅት አይደለም፣ ሌላ።" ሳቀች፣ ሌላ አገኘችልኝ። ስሙ በእኔ ተመዘገበ፣ ማረጋገጫው በእኔ ስልክ ይመጣል። የይለፍ ቃሉን ስጽፍ ሁሉም ከክፍሉ እንዲወጡ ጠየቅሁ። ማርታም ወጣች። ለብዙ ጊዜ ብቻዬን ፊደል ስፈልግ ቆየሁ። ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ይህን የምታነቡ፣ ሱቅም ይሁን ሆቴል ወይም ድርጅት ያላችሁ፣ ከእኔ ስሙ። ገጽ ሠርታችሁ፣ ፎቶ አሳምራችሁ፣ ደንበኛ ለምናችሁ፣ ደንበኛውን ወደ በራችሁ የሚመራውን ነገር ግን የት እንዳለ ሳትጠይቁ ትቀመጣላችሁ። እኔ ጋ ከገጹ ጋር አንድ ኮምፒውተር ላይ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ሲቃጠል ሱቁም መንገዱም አብረው ሄዱ። መንገዱ ሌላ ቦታ፣ ሥራው ያ ብቻ በሆነ ሰው እጅ ቢሆን ኖሮ ገጹ ቢጠፋ እንኳ ኢሜይሌ አይጠፋም ነበር፤ ኢሜይሉን ሌላ ቦታ ማስቀመጥ እችል ነበርና። የሂሩት ጥያቄ እኔን ይጠብቀኝ ነበር። ማንም ዘመድ፣ ለበጎም ይሁን ለክፋት፣ ሳልፈቅድ አያዞረውም ነበር። ችግር ሲመጣም ስልክ አንስቶ በስሜ የሚጠራኝ ሰው አገኝ ነበር። ውድ ነው ትላላችሁ። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ዘመድ ነጻ ነው። እኔ የነጻውን ቀምሻለሁ።

ኢሳያስ ደግሞ ጥሩ ሰው ነው ይላሉ። ማርታም ትላለች። ይበሉ። ታምራት ቤቴ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ስሜን ግን አይነካም፣ የት እንዳለም አላሳየሁትም። እኔና ማርታም ስለዚያ ስልክ አንድም ቀን አንስተን አናውቅም፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ሳላስበው ስልኳ የተቀመጠበትን አያለሁ።

በመጨረሻ ኢሳያስ የሚሠራለት ሸማኔ ሲያጣ ጋሽ ማሞ ሱቅ መጣ። አስጠሩኝ። ፊታችን ተቀምጦ በስልኩ ለሂሩት ጻፈ፤ ትእዛዙ በአልታዬ ስም የመጣ እንደሆነ፣ አልታዬ ለቅሶ ላይ ሳለ እሱ እንደመለሰ፣ ጋቢው ከአልታዬ መምጣት እንዳለበት። ከመላኩ በፊት አብሮን የተቀመጠው ታምራት "ላንብብልህ ጋሼ?" አለኝ። ስልኩን ተቀብዬ ራሴ አነበብኩት፣ ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ፣ እስከ መጨረሻው። ማንም አላቻኮለኝም። "ላከው" አልኩ። ሂሩት መልሷን የጻፈችው በእኔ ስም፣ በእኔ ኢሜይል፣ ለእኔ ነው፤ ጋቢዎቹን ከእኔ ትወስዳለች። ነገሩ ያለቀው ያን ቀን ነው፤ ረቡዕ፣ ግንቦት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.